«በጎ ፈቃደኛ አይደለህም ወይ?» ስለ ሰፈር ክለብ ለጻፋችሁልን

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሰፈር የስፖርትና የማኅበራዊ ክለብ ናቸው። ማልያ ማን ያጥባል፣ መዋጮ ማን ይሰበስባል፣ የደከመውን ማን ይተካዋል የሚል ነው ጥያቄያቸው። አምስቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፣ ስም አላወጣንም።

ከደብረ ማርቆስ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ለሰፈራችን ክለብ በግራ መስመር ተከላካይነት እጫወት ነበር። ጉልበቴን ስጎዳ ‹እስክትድን ድረስ ትንሽ አግዘን› ተባልኩ። ያቺ ትንሽ ዛሬ ሁሉ ነገር ሆናለች። ማልያ አጥባለሁ፣ መዋጮ እሰበስባለሁ፣ ዳኛ እለምናለሁ፣ ተጋጣሚ እፈልጋለሁ፣ ከአባላቱ ሰው የሞተበት ሲኖር ድንኳን አስተክላለሁ። ደከመኝ ስል ‹በጎ ፈቃደኛ አይደለህም ወይ?› ይሉኛል። ብተወው ክለቡ ይፈርሳል ብዬ እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እጅህ ይባረክ። እንዳንተ ዓይነት ሰው ባይኖር ብዙ የሰፈር ቡድን ክረምቱን አይሻገርም ነበር። እንደ ባህር ዳር ከነማ ያለ ክለብ በጀት አለው። አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ ወጌሻ ይቀጥራል፣ ቡድን መሪውም ደመወዝተኛ ነው። የሰፈር ክለብ ያለው ሀብት የሰው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ከአንድ ሰው ብቻ ሲወሰድ ያ ሰው ያልቃል፣ አንተም እያለቅህ እንደሆነ ከደብዳቤህ ይታወቃል።

«በጎ ፈቃደኛ አይደለህም ወይ?» ለሚሉህ መልሱ አጭር ነው። አዎ ነኝ፣ ስለዚህ እምቢ ማለትም እችላለሁ በላቸው። አንተ የጎጃም ልጅ ነህ፣ ጅጊ እንዴት እንደሚጠራ ታውቃለህ። አጨዳ የደረሰበት ገበሬ ጅጊ ሲጠራ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ነው የሚጠብቀው። የሚታጨደው ማሳ ከዚህ እስከዚያ ተብሎ ይታወቃል። ሲመሽ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በማግሥቱ ሳይጠራ ስላልመጣ የሚወቀስ የለም። የክለብ ሥራም ልክ እንደዚህ ወሰኑ ሊታወቅ፣ ማብቂያ ሊኖረው፣ የሠራውም ሊመሰገን ይገባል። ላንተ ግን ማሳውን ማንም አላሳየህም። «ትንሽ አግዘን» ብለው ሜዳው ውስጥ ጥለውህ ሄዱ።

አሁን ወደ መላው እንምጣ። ድንገት ጥለህ አትውጣ። «ደከመኝ» እያልክም አትዙር፣ ሰው ኩርፊያ ይመስለዋል፣ አባብሎህ ይመልስሃል፣ ከዚያ ነገሩ እንደነበረ ይቀጥላል። ይልቅ ደብተር ግዛና ለአንድ ወር የምትሠራውን ሁሉ ጻፍ። ማልያ አጠብኩ፣ ለዳኛው አራት ጊዜ ደወልኩ፣ ለኳስ ማስነፊያ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ልቅሶ ቤት ወንበር አመላለስኩ፣ ሁሉንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ደብተር ቁጭ ብለህ አንብበው። ወቀሳ አትጨምርበት፣ ዝም ብለህ አንብብ። ብዙዎቹ እኮ የምትሠራውን አያውቁትም። ማልያው ቅዳሜ ጠዋት ታጥፎ ስለሚያገኙት ራሱን የሚያጥብ ሳይመስላቸው አይቀርም።

አንብበህ ስትጨርስ «እስቲ ማን ያግዛል?» ብለህ እንዳትጠይቅ። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ስም ጥራ። ለአንዱ «ቤትህ ከሜዳው አጠገብ ነው፣ ኳሱና መረቡ አንተ ጋ ይደር» በለው። «ማልያ በየተራ ነው፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቁጥር 1 ያጥባል፣ ቀጥሎ ቁጥር 2» በል። ዳኛ የማምጣቱን ነገር ስልክ ሲያወራ የማይሰለቸው ልጅ ይያዘው፣ እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ቡድን አላየሁም። ድንኳንና ወንበሩን ደግሞ ኳስ ለማይጫወቱት አባላት ስጥ፣ እነሱም ክለቡ ውስጥ ቦታ ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ማብቂያ ቀን አስይዝለት። «እስከ ጥምቀት» ሲባል ሰው እሺ ይላል። «ለዘለዓለም» የሚመስል ነገር ሲሆን ግን ይሸሻል፣ መሸሹም አይፈረድበትም።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ አስቀድሜ ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ ሥራው ይበላሻል። ማልያው ሳይደርቅ ይመጣል። ዳኛው ሰዓት ያሳልፋል። በዚህ ጊዜ «አምጡት እኔው ልሥራው» ያልክ እንደሆነ ሁሉም ተመልሶ አንተ ላይ ይወድቃል፣ ሁለተኛም የሚረከብህ አታገኝም። እርጥብ ማልያ ለብሰው አንድ ቀን ይጫወቱ፣ ምንም አይሆኑም።

አንተ ደግሞ የምትወደውን አንድ ሥራ ብቻ ለይተህ አስቀር። ኳስ የሚወድ ልብህ ስላልተጎዳ ታዳጊዎቹን ማሠልጠን ሊስማማህ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ የክረምቱን ውድድር ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ልቀቅላቸው። ጊዜውም ጉልበቱም አላቸው፣ መስከረም ላይ እንደሚሄዱ ስለሚያውቁም ቶሎ ቶሎ ይሠራሉ። ይህን ሁሉ አድርገህ ክለቡ ከፈረሰ ያፈረስከው አንተ አይደለህም። ይህን በደንብ ያዝልኝ።

ከፍኖተ ሰላም፦

«የ13 ዓመት ልጄ በሰፈሩ የታዳጊ ቡድን ይጫወታል። የክለቡ ልጆች ‹እናት፣ እርስዎም ያግዙን› አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቡና አስፈሉኝ። ቡና ማፍላት አልጠላም፣ ግን ለዚህ ብቻ ነው የምፈለገው? ስለ ኳስ ደግሞ ምንም አላውቅም።»

እህቴ፣ ቡናው የክለቡ ግማሽ አካል ነው። ሰው ከጨዋታ በኋላ ቁጭ ብሎ ካላወራ ያ ቡድን እንጂ የማኅበራዊ ክለብ አይባልም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያፈላው አንድ ሰው፣ ያውም ሁልጊዜ ሴት ከሆነች፣ ልክ አይደለም። «ዛሬ የልጆቹ አባቶች ያፍሉ» ይበሏቸው። ረከቦት ፊት ለመቀመጥ ወንድነት አያግድም።

ለእርስዎ ግን ሌላ ሥራ አለ። በብዙ የታዳጊ ሜዳ ላይ ልጅ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፣ አንዱ ውኃ ይደፋበታል፣ አንዱ እግሩን ይዞ ይጎትታል። ያንን ቦታ እርስዎ ይያዙት። የኳስ ሕግ ማወቅ አይጠይቅም።

አንድ ቦርሳ ያዘጋጁ። ንጹሕ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጓንት፣ መቀስ ይኑርበት። በረዶ ከየት ይመጣል እንዳይሉ፣ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ጨዋታው ዋዜማ ማታ ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ ያሳድርልዎት። ልጁ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞርበት ጨዋታውን ያቁም፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስይዙት፣ በረዶው ቆዳውን በቀጥታ እንዳይነካ። ከዚያ እግሩን በፋሻ ደገፍ አድርገው፣ ግን ከልክ በላይ ሳያጠብቁ ያስሩለትና ከፍ አድርጎ ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ዕብጠቱን ያብሰዋል። ለወጌሻ አክብሮት አለኝ፣ ወዲያው ማሸት ላይ ግን አልስማማም። ልጁ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ፣ አጥንት ሊሆን ይችላል።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ነገር ይለያል። «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ቡድኑ እየተሸነፈ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን ተመልሶ አይግባ። ካስታወከ፣ ካንቀላፋ፣ የሚናገረው ከተደበላለቀበት ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አሠልጣኙ ቢቆጣም እርስዎ እንዳይበገሩ። የእናት ድምፅ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

ሜዳውንም ይዩልን። ከባሕር ዛፍ የተሠራ ጎል በደንብ ካልተቀበረ ልጆች ሲንጠለጠሉበት ይወድቃል፣ ልጅ ሊገድል ይችላል። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት በእጅዎ ነቅነቅ አድርገው ያረጋግጡ። መስመር የሚያሰምሩት በኖራ ከሆነ ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት፣ ዓይን ያቃጥላል። በተጨማሪ ልጆች በሚሠለጥኑበት ቦታ ሁሉ ሁለት አዋቂ ይኑር። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን የሚቀርበት ነገር፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይፈቀድ። ይህን ደንብ የሚያስከብር ሰው በየክለቡ ያስፈልጋል፣ እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ከቢቸና፦

«ገንዘብ ያዣችን ሐቀኛ ሰው ነው። ግን መዋጮው የሚገባው በግል ቴሌብሩ ነው፣ ደረሰኝም የለም። ሐሜት ተጀምሯል። ብንናገር ይቀየማል ብለን ዝም ብለናል።»

ዝም አትበሉ። ሐሜት የጀመረው ዝም ስላላችሁ ነው። ገንዘብ ያዡን ለብቻው ጠርታችሁ «አንተን ከአፍ ለማውጣት ነው» በሉት። ሐቀኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይቀለዋል። ስልኩ ቢጠፋ ወይም እሱ ቢታመም፣ እግዜር ያርቀውና፣ የክለቡ ገንዘብ የእሱ የግል ገንዘብ ሆኖ ነው የሚታየው። ቤተሰቡም ችግር ውስጥ ይገባል።

በሦስት ሰው ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት የተመዘገባችሁ ከሆነ በክለቡ ስም ይሁን፣ ባንኩ የምዝገባ ወረቀቱንና ቃለ ጉባኤውን ይጠይቃችኋል። ለደረሰኝ ማሳተም አያስፈልግም፣ ካርቦን የሚገባበት ደብተር ይበቃል። አንዱ ቅጠል ለከፋዩ፣ አንዱ ደብተሩ ላይ ይቀራል። ወጪ የሚፈቅደውና ገንዘብ የሚይዘው ደግሞ ሁለት ሰው ይሁኑ። እድሮቻችን ይህን ሲሠሩበት ኖረዋል፣ ከወላጆቻችሁ አንዱ የእድር ጸሐፊ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት።

ደብዳቤያችሁ ላይ ያልጠቀሳችሁት ነገር ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የኳሱና የማኅበራዊው ገንዘብ አንድ ላይ ነው? ከሆነ ለዩት። መስከረም ላይ ኳስና ታኬታ ተገዝቶ ሣጥኑ ባዶ ሲሆን፣ ጥቅምት ላይ የአንዱ አባል እናት ብታርፍና ክለቡ ባዶ እጁን ቢመጣ፣ ያ ሰው መቼም አይረሳውም። እውነቱን ነው። ስለዚህ የሐዘንና የደስታው ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፣ ለማልያ አይነካ፣ ለዋንጫ አይነካ፣ ለምንም አይነካ። በየሦስት ወሩ የሁለቱም ሒሳብ በስብሰባ ይነበብ። ሲነበብ ገንዘብ ያዡን አጨብጭቡለት፣ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው።

ከቡሬ፦

«12ኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ የለኝም። በክለብ ውስጥ የሴት ልጆችን ቡድን አግዛለሁ። ቤተሰቦቼ ‹ያለ ደመወዝ ምን ያዞርሻል› ይላሉ። ጥቅም አለው?»

አለው እህቴ፣ ግን ጥቅሙን አንቺ ራስሽ ካልያዝሽው ማንም አይሰጥሽም። የምትሠሪውን ከቀኑ ጋር መዝግቢ። በየስድስት ወሩ ክለቡ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍልሽ። «በትጋት አገልግላለች» የሚል ብቻ አይሁን፣ ስንት ልጅ እንደያዝሽ፣ ምን እንደምትሠሪ ይግለጽ። በዞኑ የዳኝነት ወይም የአሠልጣኝነት ሥልጠና ሲወጣ ክለቡ አንቺን እንዲልክሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። የአሠልጣኝነቱ ደረጃ ከካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ ይጀምራል። ዳኝነትም ለሴት የተዘጋ በር አይደለም፣ ሊዲያ ታፈሰ ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ዳኝነት የተመረጠች ኢትዮጵያዊት ናት። ይድነቃቸው ተሰማም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው፣ በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲቋቋም የሰፈር ወጣቶች ቡድን ነበር።

ለቤተሰቦችሽ ሰዓቱን ንገሪያቸው። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ክለብ ነኝ፣ ሌላው ጊዜ የእናንተ ነው።» ሰዓቱ ሲታወቅ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። ልምምዱ መሽቶ የሚያልቅ ከሆነ የባጃጁን የሚከፍለው ክለቡ ነው፣ አትፈሪ፣ ጠይቂ። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። «ነገ እንቀጥርሻለን» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ በነጻ የሚያሠራሽ ሰው ካለ በጎ ፈቃደኛ አላደረገሽም፣ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ አድርጎሻል። ከዚያ ዓይነቱ ሥራ ለቅቀሽ ውጪ።

ከደጀን፦

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወጣቶቹ የክለባቸው የክብር ሊቀ መንበር አደረጉኝ። ክብሩ ይቅርብኝ፣ ሥራ እፈልጋለሁ። እኩዮቼ ግን ‹ኳስ የሥራ ፈት ነው› እያሉ ወደ ሜዳው አይጠጉም። እንዴት ላምጣቸው?»

ጋሼ፣ እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ቃለ ጉባኤውን ይያዙላቸው። የመምህር እጅ ጽሑፍ ለክለብ ትልቅ ሀብት ነው፣ በየስብሰባው ምን እንደተወሰነ የሚነበብ ነገር ሲኖር ግማሹ ጠብ ይቀራል። ሁለት ልጆች ሲጣሉም የሚያስታርቀው ከእርስዎ የተሻለ አይገኝም።

እኩዮችዎን ግን በእግር ኳስ አይጥሯቸው፣ በገና ጨዋታ ይጥሯቸው። ወጣት ሳሉ ዱላ ይዘው ሩር ያላሳደዱ ከመካከላቸው ስንት አሉ? የታኅሣሥ 29ን ከሰዓት በኋላ ለክለቡ የገና ጨዋታ ያድርጉት። ተጫዋች በቁጥር አይወሰንም፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፣ ወይም ያገባና ያላገባ ተብሎ መከፈል ይቻላል። የተቆለመመውን ዱላ እንዴት እንደሚመርጡት፣ ሩሯ ከምን እንደምትሠራ ወጣቶቹ አያውቁም፣ እኩዮችዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ ሳይገባ አስተምሩን ተብለው ይለመኑ። ሽማግሌ የሚያስተምረው ነገር ካለው አይቀርም። ግጥሙንም እነሱ ናቸው የሚችሉት፣ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ ተብሎ የተፈቀደውን ስድብ ሁሉ ለወጣቶቹ ያውርሷቸው።

ሜዳው ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። በዚያ ሰሞን ውቂያው ላያልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ሰብሉ የተነሣለትን ማሳ ከባለቤቱ በጊዜ ያስፈቅዱ፣ ሲያልቅም ክለቡ ቦታውን አጽድቶ ያስረክብ። ሕፃናት ከዱላው ርቀው ይቁሙ። ያቺ የፍኖተ ሰላሟ እናት የያዘችው ዓይነት ቦርሳ እዚህም ያስፈልጋል፣ ቅልጥም የሚመታበት ጨዋታ ነው። ጠላውን የሚጠምቁትን ቤቶች ከወዲሁ ይከፋፍሉ፣ በሙሉ አንድ ቤት ላይ እንዳይወድቅ።